ከዒድ ማግስት የሚመለሰው ሱስ

በረመዳን ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ አዛን ያለው ሰዓት በየቤቱ የራሱ ድባብ አለው። ማዕድ ቤት ውስጥ ሾርባው ይንተከተካል፣ ሳምቡሳው ይጠቀለላል፣ ልጆች የተምሩን ሳህን እየዞሩ «ስንት ደቂቃ ቀረ?» ይላሉ። ጫት የሚቅም አባወራ ወይም ጎረምሳ ባለበት ቤት ግን ይኸው ሰዓት ሌላም ጣጣ አለው። በሌሎቹ ወራት በርጫ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት ነውና ሀራራው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ሰውየው ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፣ በረባ ባልረባው ይቆጣል። ቤተሰቡ «ጾሙ ከብዶት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሱም እንዲያ ቢባልለት ይመርጣል።

ካፈጠረ በኋላ ያለው ነገር ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ተራዊህ እንዳበቃ፣ አንዳንዴም ተራዊህን ትቶ፣ እስከ ሱሁር ሲቅም ያነጋል፤ ቀኑን በእንቅልፍ ይገፋዋል። ሌላው ግን ጨክኖ ወሩን ሙሉ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ቤተሰቡ አልሐምዱሊላህ ይላል። ከዚያ ዒድ ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ የጓደኛ ስልክ ይደወላል፤ ማታ ሲመለስ ጉንጩ ተነፍቷል። «ያ ሁሉ ዱዓ ምን ሆነ?» ብላ የምታለቅስ እናት ጥቂት አይደለችም።

ዱዓው የትም አልሄደም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። መተው አንድ ጉዳይ ነው፣ ተወት አድርጎ መቆየት ደግሞ ሌላ። ለመጀመሪያው ቁርጠኝነት ሊበቃ ይችላል፤ ረመዳንም ለቁርጠኝነት የሚመች ወር ነው። ለሁለተኛው ግን ሙያ ያስፈልጋል። ሙያውን ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ አማካሪውም ተምረው የሚያገኙት ነው፤ እናትና አባትም እንዲሁ።

ስለ ሱስ ሕክምና እያወሩ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል መውጣት ግር ያሰኝ ይሆናል፤ ምክንያት አለን። በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ፣ በ705 ሄክታር ላይ የተንጣለለው ይህ ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የጋራ ጥረት የተቋቋመ ነው። ባሕር ዛፍ የወረሰውን ተራራ ለጥድ፣ ለወይራና ለኮሶ ለመመለስ ይሠራል፤ የመድኃኒት ዕጽዋትን መንከባከብም ሥራው ነው። የመድኃኒት ተክል ያለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ በሱስ የተጨነቀ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «ሱስ የሚያስተው ቅጠል የቱ ነው?»

ኮሶን እንውሰድ። አያቶቻችን ለትል የጠጡት እውነተኛ መድኃኒት ነው። ይመራል፣ ያንገፈግፋል፣ ግን ትሉን ያስወጣል፤ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ ያበቃል። ብዙ ቤተሰብ ስለ ሱስ የሚያስበው ልክ እንደ ኮሶ ነው። አንድ መራራ ነገር ይደረግ፣ ለምሳሌ ክፍል ውስጥ ይቆለፍበት፣ ገጠር ዘመድ ጋር ይላክ፣ የሆነ ሥር ተቀጥቅጦ ይጠጣ፣ ከዚያ ይወጣለታል ብሎ ያምናል። ሱስ ግን ትል አይደለም። የጫትን ሱስ የሚያስለቅቅ በጥናት የተረጋገጠ ቅጠል የለም፤ በፋርማሲ የሚሸጥ፣ ለዚሁ ተብሎ የጸደቀ ክኒንም የለም። «በሦስት ቀን አስተዋለሁ» ብሎ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ሲገጥማችሁ ይህን አስቡ።

ጫት ራሱ የዕጽዋት ሊቃውንት መዝገብ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ካታ ኤዱሊስ የሚለው የሳይንስ ስም የመጣው ከፒተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል ከዴንማርክ ጉዞ ጋር የመን ሄዶ እዚያው በ1763 እ.ኤ.አ. የሞተ ተመራማሪ ሲሆን፣ ማስታወሻውን የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋነኛ አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፤ አሠራሩም ሆነ ቅርጹ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ እየተዳከመ ይሄዳል። እስሩ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ የጫት አይሱዙ መንገዱን እየሰነጠቀ የሚበርረው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ መድረስ አለበት።

ጫት ሀራም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህም የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ ውስጥ የኖሩት ኢብን ሐጀር አል ሐይተሚ ከየመን በመጣላቸው ጥያቄ መነሻነት በጉዳዩ ላይ አንድ ድርሳን ጽፈዋል። ብይኑን ለዑለማዎቹ እንተወው። የዚህ ገጽ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፤ ልተወው ያለ ሰው እንዴት ይተወዋል?

ወደ ቡታጅራ እንሻገር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠየቁ፤ ውጤቱ በ1999 ታተመ። ግማሹ በወቅቱ ጫት ይቅም ነበር። ምክንያታቸው ሲጠየቅ ከቃሚዎቹ 80 በመቶዎቹ «ለጸሎት ትኩረት እንዲኖረን» አሉ። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። ጨዋታ ወይም ጊዜ ማሳለፊያ አላሉም። ከአምላካቸው ጋር የሚያገናኛቸውን ነገር እንደያዙ ነው የሚያስቡት። እንዲህ ያለውን ሰው «አንተ ሱሰኛ» ብሎ የሚጀምር መካሪ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በሩን በራሱ ላይ ዘጋ ማለት ነው። የገባው መካሪ ግን በረጋ ድምፅ «ሳይቅሙ የሰገዱበት ጊዜ እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በረመዳን ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ሰውየው ዙሁርና አስርን ያለ ጫት እየሰገደ ነውና።

ቡታጅራ ብቻ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የቃመ ሁሉ ሱሰኛ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም አንዳንዱ ከሰዓት የጀመረውን ወደ ጠዋት ያመጣዋል፤ ጀባታ ሳያደርግ ከቤት አይወጣም። ሲተው ደግሞ ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል፣ ቅዠቱ ያስጮኸዋል። ዱካክ ያስፈራል እንጂ ጊዜያዊ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ያለው ቃሚ ሦስተኛው ሌሊት ላይ ተስፋ ቆርጦ አይመለስም፤ ያልነገሩት ደግሞ «ያለ ጫት ላብድ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከሙያዊ እገዛ ውስጥ ትልቁ ክፍል እንዲህ ያለ ተራ የሚመስል መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የጊዜ ጣጣ ነው። በርጫ ሦስትና አራት ሰዓት ይበላል። ጫቱ ሲነሳ ሰዓቱ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሰዓት ያለው ሰው እግሩ የሚያውቀውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። በማስረጃ የተደገፉት የሱስ ሕክምናዎች ብዙ ጉልበት የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። ከሰውየው ጋር ተቀምጠው ከሰዓት በኋላውን ሰዓት በሰዓት ይከፋፍላሉ፤ የት ይሄዳል፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መንገድ። ጉለሌን ያነሳነው ለዚህም ነው። በዛፍ መካከል መሄድ ሱስን ይፈውሳል ማለታችን አይደለም፤ እንዲያ የሚል ሰውም አትመኑ። ግን ከጫት ቤት የራቀ፣ ከልጆች ጋር የሚኬድበት፣ እግር የሚያደክምና ሌሊት እንቅልፍ የሚያመጣ ቦታ ለዚያ ባዶ ሰዓት ይሆናል። በጾም ግን አስተውሉ፤ ቦታው ዳገት ነው፣ አየሩም ስስ ነው። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ጾመኛ ወደ ላይ መውጣቱን ከረመዳን በኋላ ያድርገው።

አሁን ወደ ሕክምናው ሰዎች እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ እዚህ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ዊልያም ሚለርና ባልደረቦቹ የመጠጥ ችግር ያለባቸውን ሰዎች ሲከታተሉ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። አማካሪው በክርክርና በማፋጠጥ በበረታ ቁጥር ታካሚው ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጠጣው መጠን ከፍ ብሎ ተገኘ። አማካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልክ እኛ ቤት እንደምናደርገው እውነቱን ፊት ለፊት መንገር ያስተዋል ብለው ነው። ውጤቱ ግን ተቃራኒውን አሳየ።

ከማፋጠጥ የሚርቀው፣ ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባለው የምክር ስልት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሰጣል። ስልቱ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድ የታክሲ ሾፌር «መተውስ እፈልጋለሁ፤ ግን ሳልቅም የማታ ሥራ አይሆንልኝም» አለ እንበል። ያልሠለጠነው ሰው ወዲያው «ጤናዎትን አያስቡም? ልጆችዎትስ?» ይላል። ሾፌሩም ጫቱን መከላከል ይጀምራል፤ በአፉ የተናገረውን ደግሞ የበለጠ ያምነዋል። የሠለጠነው «መተው ይፈልጋሉ፤ ገቢዎ እንዳይጎዳ ደግሞ ይሰጋሉ። መተው የፈለጉት ለምንድን ነው?» ይላል። ያን ጊዜ ሾፌሩ በራሱ አንደበት ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለማይተኛበት ሌሊት፣ ስላመለጠው ሱብሒ ያወራል። የሚለውጠው የራሱ ቃል ነው እንጂ የመካሪው አይደለም።

ቀላል የሚመስለው ነገር ግን በሁለት ቀን ሥልጠና አይያዝም። ይህንንም የፈተነው ራሱ ሚለር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 140 የሱስ ሕክምና ባለሙያዎችን በዕጣ ከፋፈለ። አንዳንዶቹ መጽሐፍና ቪዲዮ ብቻ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ የሁለት ቀን ወርክሾፕ ወሰዱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ገሚሶቹ ከወርክሾፑ በኋላ ሥራቸው በድምፅ እየተቀረጸ አስተያየት ይሰጣቸው ወይም በስልክ አሠልጣኝ ይከታተላቸው ነበር። ለብቻው በመጽሐፍ የተማረው ብዙም አልተለወጠም። ክህሎቱ የቆየላቸው ከሥልጠናው በኋላ ክትትል ያላቸው ናቸው። የታካሚው አነጋገር ሳይቀር የተለወጠው አስተያየትም አሠልጣኝም በተሰጣቸው ባለሙያዎች ክፍል ብቻ ነበር። ሥልጠና ሲባል አዳራሽ፣ የሻይ ዕረፍትና ሰርተፍኬት ለሚመስለን ሰዎች ይህ ውጤት በደንብ ሊነበብ የሚገባው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ሥልጠና መወሰዱን ይናገራል፤ ባለሙያው ዛሬ እንዴት እንደሚያናግር አይናገርም።

አገራችን ውስጥ ሰው ማፍራቱ ራሱ ረጅም መንገድ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። የካናዳ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ ለወር ያህል እየመጡ ከአገር ውስጥ መምህራን ጋር ከታካሚው አልጋ አጠገብ አስተማሩ። ተመራቂዎቹ እዚሁ ቆይተው ሌላ ትውልድ አሠለጠኑ። የሚበጀው ዓይነት ሥልጠና ይህ ይመስለኛል፤ መምህሩ ተመልሶ የሚመጣበትና ያስተማረውን ሥራ ላይ የሚያይበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው ኤምኤችጋፕ የተባለው መርሐ ግብርም በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሱስን ጨምሮ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲለዩና እንዲያግዙ ያሠለጥናል። ለመርካቶም ሆነ ለገጠር ቤተሰብ የቅርቡ በር ይህ ነው። በሩ እንዲሠራ ግን ከሥልጠናው በኋላ የሚጎበኝ ሰው መኖር አለበት።

አጭር ምክክር በጫት ላይ ይሠራል ወይ ለሚለው የጎረቤት አገር ምስክር አለ። በናይሮቢ በሚኖሩ 330 የሶማሌ ጫት ቃሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አጭር ምክክር ያገኙት የሚቅሙትን መጠን ቀንሰዋል። ብዙዎቹ ግን ከጫቱ በታች ሌላ ነገር ነበረባቸው፤ ድባቴ፣ ከጦርነት የተረፈ የመንፈስ ጉዳት። እንዲህ ላለው ሰው አጭር ምክክር አይበቃም። ጫቱን ብቻ ነጥቆ ሐዘኑን እዚያው መተው ሕክምና አይባልም።

ስለ መጠጥ በሙስሊም ቤት ማውራት ከጫት ይከብዳል። ሀፍረቱ ድርብ ነው። ግን ምርቃናን ለመስበር በጨብሲ የጀመረ ልጅ ከጊዜ በኋላ ያለ መጠጥ እጁ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል፤ ይህ የሚደርሰው በሌላ ሰው ቤት ብቻ አይደለም። ረመዳን ሲገባ እንዲህ ያለው ልጅ በአንድ ጊዜ ለማቆም ይወስናል፤ ቤተሰብም ያበረታታዋል። እዚህ ላይ ሕይወት የሚያድን ነገር አለ። ጫትን በድንገት መተው ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። በየቀኑ ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው አልኮልን በድንገት ሲያቆም ግን ሊሞት ይችላል።

ካቆመ ከስድስት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስና ጭንቀት ይጀምራል። በሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊከተል ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ይታየዋል፣ ያለበትን ቦታና ሰዓት ይስታል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ጂን ነው። ቁርአን ሊቀራበት ይችላል፤ ሆስፒታል እየተወሰደ ይቀራበት። ይህ በመርፌና በክኒን የሚታከም ድንገተኛ ሕመም ነው፤ የቫይታሚን ቢ-1 መርፌና የሚያረጋጋ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው ጾሙ ይቆያል፤ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ የተፈቀደለት መሆኑን ማንም ኡስታዝ ይነግራችኋል። ለአልኮል ከጫት በተለየ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ፍላጎቱን ለማስታገስ ይረዳሉ። አገር ውስጥ የትኛው እንዳለ ሐኪሙ ይነግራችኋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሱስ ሕክምና በመንግሥት በኩል ስማቸው የሚጠራው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ራሱ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ናቸው። የግል ማገገሚያዎችም አሉ፤ ጥራታቸው እንደ ባለቤቱና እንደ ባለሙያው ይለያያል። ቤተሰብ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ መብቱ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሚያየው ሐኪም ነው ወይስ ዘበኛ? አማካሪዎቹ የት ተማሩ፣ ሥራቸውን በየሳምንቱ የሚያይላቸው ሰውስ አለ? ልጁ በፈቃዱ ነው የሚገባው? በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያሉ 12 ድርጅቶች በ2012 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ ሰዎችን በግድ አስገብተው የሚያቆዩ የሱስ ማዕከላት እንዲዘጉ ጠይቀዋል፤ ሰንሰለትና ዱላ ያለበት ቦታ ስሙ ምንም ቢሆን ማገገሚያ አይደለም። ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው ግን ይህን ነው፦ ከወጣ በኋላ ምን ይደረግለታል? «ከወጣ በኋላ የእናንተ ጉዳይ ነው» ካሉ፣ የሚሸጡት ኮሶ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ክብደት የሚሰጠው አንድ የታወቀ ቁጥር አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ እንዳመለከተው ከታከሙ ሰዎች መካከል ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሽባቸዋል። ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል፤ ግን ደም ግፊትና አስም ላይም ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ሰዎች ከዚህ አያንሱም። ደም ግፊቱ ከፍ ያለበትን አባት «አንተማ ቃልህን አትጠብቅም» ብለን ከቤት አናባርርም፤ ወደ ሐኪሙ እንመልሰዋለን፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል። ለዒድ ማግስቱ ቃሚም ያው ነው። ደረጃ በደረጃ መተው ለሙስሊም ቤተሰብ እንግዳ ሐሳብ መሆን የለበትም፤ የአስካሪ መጠጥ ክልከላ ራሱ በየደረጃው የወረደ መሆኑን በመድረሳ ተምረናል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ? ለዚህ ከሁሉ የሚደንቀኝ ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሚለርና ሮበርት ሜየርስ ሕክምና አልፈልግም ያለ ጠጪ ያለባቸውን 130 የቤተሰብ አባላት በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ወገን ክራፍት የሚባል የቤተሰብ ሥልጠና ተሰጠ። ሁለተኛው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት እንዲያፋጥጠው ተዘጋጀ። ሦስተኛው ራሱን ጠብቆ ነገሩን እንዲቀበል ተመከረ። ጠጪው በመጨረሻ ወደ ሕክምና የሄደው በክራፍት ወገን 64 በመቶ፣ በማፋጠጡ 30 በመቶ፣ በሦስተኛው 13 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ሥልጠናውን የወሰደው ጠጪው አይደለም፣ እናቱና ሚስቱ ናቸው። የተደረገው አሜሪካ ነው፤ ቤተሰባቸውም ልማዳቸውም ከእኛ ይለያል። ሽማግሌ ሰብስቦ ማፋጠጥ ለለመድነው ለእኛ ግን ቢያንስ ያሳስባል።

ሥልጠናው ምን ያስተምራል? ሌሊት ስምንት ሰዓት በምርቃና የገባን ልጅ በር ላይ ቆሞ መጨቃጨቅ መተው አንዱ ነው። እናት ትተኛለች፤ የሚነገረው ነገር ልቡ በሚመለስበት ሰዓት ይነገራል። በረመዳን ለዚህ የሚሻል ሰዓት የለም፤ ከፊጥራ በኋላ፣ ሆድ ሞልቶ፣ ሻይ ቀርቦ፣ ጫቱ ገና ሳይወጣ። እናት «ልጄ፣ ትናንት ከእኛ ጋር አፍጥረህ ከአባትህ ጋር ተራዊህ ስትሄድ ሳይ በጣም ደስ አለኝ» ትላለች። አታክልበትም። «ሁልጊዜ እንዲህ ብትሆን ኖሮ» የሚለው ጭራ ከተቀጠለበት ምስጋናው ወቀሳ ይሆናል። ለብዙ እናቶች ከሁሉ የሚከብደው ይህችን ጭራ መቁረጥ ነው።

ሌላው መሸፋፈን ማቆም ነው። የጫት ቤቱን ዱቤ የምትከፍል እናት፣ «አሞት ነው» ብሎ ለአሠሪው የሚደውል ወንድም፣ ልጁ የሱሱን ዋጋ እንዳያይ ይጋርዱታል። ሳይቆጡ፣ ሳያዋርዱ፣ «ምሳህን አስቀምጥልሃለሁ፤ ዱቤህን ግን አልከፍልም» ማለት ይቻላል። ዱላ የሚያነሳ ሰው ባለበት ቤት ግን ይህን ለብቻ አይሞከርም፤ በቅድሚያ የሚታየው የሴቷና የልጆቹ ደኅንነት ነው። ደግሞም ሚስትና እናት የራሳቸውን ጤና፣ የራሳቸውን ዘመድ ጥየቃ፣ የራሳቸውን ደርስ እንዳይተዉ ሥልጠናው አጥብቆ ያሳስባል። ሱስ የያዘው አንድ ሰው ሆኖ የታመሙት አምስት የሆኑበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን።

ከመስጊድ በኩልም የሚጠበቅ አለ። ቤተሰብ ከሐኪም በፊት ኢማሙ ዘንድ ይሄዳልና የመጀመሪያው መካሪ እሳቸው ናቸው። የሚፈለግባቸው ሐኪም መሆን አይደለም። የአልኮልን አደጋ ምልክት መለየት፣ በክኒን ላይ ያለን ሰው «መድኃኒቱን ተውና ጹም» አለማለት፣ የሰሙትን ምሥጢር መጠበቅ ይበቃል። ብዙ የአእምሮ መድኃኒት ከፊጥራ በኋላና በሱሁር እንዲወሰድ ሐኪሙ ሊያስተካክለው ይችላል፤ በራስ ማቋረጥ ግን ሊጎዳ ይችላል።

ለዘንድሮው ዒድ ጊዜ አለ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሳያልፉ ለዒድ ማግስት ሳምንት ቀጠሮ ይያዝ፤ በጤና ጣቢያም ቢሆን። ለባለሙያው የሚነገረው ነገር በወረቀት ይጻፍ፦ ስንት ዓመት ቃመ፣ በቀን ምን ያህል፣ ይጠጣል ወይ፣ እንቅልፉ እንዴት ነው፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ማሸጊያው ይያዝ። የዒድ ቀን ከዙሁር በኋላ የት እንደሚውል ደግሞ ከእሱ ከራሱ ጋር ተመካክሮ አስቀድሞ ይወሰን፤ አክስት ቤት፣ ልጆቹን ይዞ ጉለሌ፣ የትም ይሁን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስልኩ ሲጠራ ምን ብሎ እንደሚመልስ እሱ ይምረጥ። ብዙዎች የሚቀልላቸው «ዛሬ ከልጆቼ ጋር ነኝ» ማለት ነው።